ዝገት የበላትን ቮልስ ግቢ ውስጥ መጠገን፦ ከካቻቢቴ እስከ ሰም

ቮልሷን የገዛኋት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው፣ በፈረንጅ የ1967 ሞዴል፣ ሰማያዊ ነበረች ይላሉ እኔ ስደርስባት ግን ግማሿ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባው) ግማሿ የዶሮ ኩስ ነበር። ስድስት ዓመት ግቢ ቆማ ዶሮዎቹ ኮፈኗ ላይ ሲያድሩባት ኖረዋል። ሞተሩ በሁለት ቀን ተነሳ፣ የቮልስ ሞተር ምን ይሆናል፣ ቦዲው ግን ስምንት ወር ፈጀብኝ፣ ከስምንቱ አራቱ ወር ደግሞ ራሴ የሰራሁትን መልሼ ማፍረስ ነበር። እናንተ ያቺን አራት ወር እንድታተርፉ ነው ይሄን የምፅፈው።

በመጀመሪያ ቀዳዳውን ትታችሁ ውሃውን ፈልጉ። ላሜራ ዝም ብሎ አይበሰብስም፣ የሆነ ቦታ ውሃ ገብቶ የሆነ ቦታ ይተኛል፣ ያንን ሳታገኙ ቀዳዳውን ብትደፍኑት በቀጣዩ ክረምት ከጥገናው ሁለት ጣት እልፍ ብሎ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። እኛ ጋ ባህር የለም፣ እንደ ፈረንጅ አገር ለበረዶ ብለው አስፋልት ላይ ጨው አይበትኑም፣ ግን ማርቆስ ላይ በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ጥቁሩ አፈር ሲጨቀይ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) ስር ይለጠፍና ላዩ ደርቆ ውስጡ እስከ ጥቅምት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፣ ላሜራው ላይ እርጥብ ጨርቅ አስራችሁ እንደመተው ቁጠሩት። የኔዋ ላይ ደግሞ የድሮው ባለቤት ባለሱቅ ስለነበር ጨው በኩንታል ከኋላ ይጭንባት ነበር፣ ወለሉን የበላው እሱ ነው።

የት የት እንደሚበሰብስ

አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የእጅ ባትሪና አንድ ማግኔት ያዙ። ማግኔቱን ከተበላሸ ስፒከር ማውጣት ይቻላል፣ ቀለም እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሉትና ቦዲው ላይ ቀስ እያላችሁ ጎትቱት። ላሜራ ባለበት ይስባል፣ ወፍራም ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ልጥፍ) ባለበት ይለቃል። የኔዋን ስፈትሽ ማግኔቱ የግራ የኋላ ፓራፋንጎ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ቦታ ጨርሶ አልስብ አለኝ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ፈንቀል ሳደርገው ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ስቱኮ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተነስቶ መጣ፣ ከስሩ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀውበታል። «ዳንጎቴ» የሚለው ፅሁፍ ሳይቀር ይነበባል፣ እንዲያውም የሲሚንቶ ከረጢት ነበር ማለት ነው።

ቀለም ላይ ፊኛ የመሰለ ነገር ካያችሁ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ የመጣ ነው። ከላይ የአተር ፍሬ ታክላለች፣ ስትቆፍሯት ከስር የቡና ሲኒ አፍ ታህላለች። በካቻቢቴው እጀታ መታ መታ አድርጉ፣ ደህናው ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ አለው። ከዛ በጫፉ ጫን በሉት፣ ገባ አልገባ የሚለውን እዛው ታውቁታላችሁ። አትሳሱ፣ ካቻቢቴ የሚበሳው ላሜራ ቀድሞውኑ ላሜራ መሆኑ ቀርቷል።

ቮልስ ላይ በቅድሚያ የኋላ ወንበሩን አንሱ። ባትሪው በቀኝ በኩል ወንበሩ ስር ነው የሚቀመጠው፣ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል፣ ቀኝ ኋላ ወለሏ ደህና የሆነ አሮጌ ቮልስ ብዙም አይገጥማችሁም። በነገራችን ላይ ባትሪው ላይ ክዳን ከሌለ የወንበሩ ሽቦ ፖሉን ሊነካና ሊቀጣጠል ይችላል፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ማለቴ ነው፣ ይሄ የታወቀ የቮልስ ችግር ስለሆነ ዝገት ባይኖርም ክዳን አድርጉለት። ቀጥሎ ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን፣ የበሮቹን ታች፣ የመለዋወጫ ጎማ የሚቀመጥበትን፣ የፓራፋንጎዎቹን መጋጠሚያ እዩ። በመጨረሻ፣ ዋናውም እሱ ነው፣ በበሩ ስር በግራና በቀኝ የሚሄደውን ሳጥን መሳይ ነገር እዩ። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር በሱ ውስጥ ነው ወደፊት የሚሄደው፣ ቦዲውን ከወለሉ ጋር አጠንክሮ የያዘውም እሱ ነው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። መኪናዋን በክሪክ ከጎን ስታነሱ በሩ የሚነክስ ወይ አልዘጋም የሚል ከሆነ ያ ሳጥን አልቋል ማለት ነው፣ እሱን ግቢ ውስጥ አትንኩት። ውስጡን በብረት ደግፎ ሳይወጥሩ ከቆረጡት ቦዲው ይዘምና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። እሱ የባትላሜራ፣ የመኪና ቦዲ ሰራተኛ ማለት ነው፣ ስራ ነው። ወለል፣ ፓራፋንጎ፣ የበር ታች፣ የባትሪ ቦታ ግን በትዕግስት ቤት ይሰራል።

ጊዜና እቃ

ጥቅምት ላይ ጀምሩ፣ ግንቦት ሳይገባ ቀለሙ ያልቅ። ሰኔ ላይ ቦዲ መክፈት ራስን መቅጣት ነው፣ ጠዋት ፍቀህ ያበራኸው ብረት ማታ ቡናማ ሆኖ ይጠብቅሃል።

ግራይንደር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ የላሜራ መቀስ፣ ሴጌቶ (የብረት መጋዝ)፣ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን)፣ ሞርሳ (እቃ ነክሶ የሚይዝ)፣ 13 ቁልፍ፣ መዶሻና ከስር የሚያዝ ወፍራም ብረት ያስፈልጋል። ብየዳ ማሽን በቀን መከራየት ይሻላል። መነፅርና ጓንት ላይ አትከራከሩኝ፣ የግራይንደር ዲስክ ሲሰበር ስብርባሪው እንደ ጥይት ነው የሚመጣው፣ መከለያውን አውልቆ የሚሰራ ሰው ካያችሁ አጠገቡ አትቁሙ።

ላሜራው ጥቁር ላሜራ ይሁን፣ ውፍረቱ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አይሆንም! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ እኔም ጀምሬው ነበር። አንደኛ በጣም ስስ ስለሆነ ገና ኤሌክትሮዱ ሲነካው ይቀልጣል፣ ሁለተኛ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ እኔ ወባ መስሎኝ ክሊኒክ ሄጄ ደሜን አስመርምሬ ነው የተመለስኩት። የበርሚል ላሜራ ጥሩ ነው፣ ውፍረቱም ይመጥናል፣ ግን ቤንዚን ወይ ናፍጣ ወይ ቲነር የነበረበትን በርሚል በግራይንደር ወይ በእሳት መቁረጥ ቦምብ መቁረጥ ነው። ባዶ ነው ማለት የለም፣ የሚፈነዳው የቀረው ትነት ነው። ቀድሞ ተከፍቶ ተዘርግቶ የሚሸጠውን ግዙ።

መፍታት

የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ባትሪውን አውጡ፣ ወንበሩንና ምንጣፉን በሙሉ አውጡ። የነዳጅ ታንከሩ ፊት ለፊት ኮፈን ስር ነው፣ ሞተሩ ኋላ ነው፣ ስለዚህ የነዳጁ ቱቦ የሚያልፈው በወለሉ መሃል ባለው ዋሻ ውስጥ ነው። የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ካቦውም እዛው ነው ያለው። ታንከሩን አውርዳችሁ ከግቢው ርቆ ይቀመጥ፣ ቱቦውን አድርቁት፣ ዋሻው አጠገብ ስትበይዱ ይሄ ከጭንቅላታችሁ አይውጣ።

የቮልስ ደስ የሚለው ነገር አራቱም ፓራፋንጎ በብሎን የታሰረ መሆኑ ነው፣ በ13 ቁልፍ ይፈታል። ይፈታል ስል ግን ሃምሳ ዓመት የዛገ ብሎን ነው። ጭቃውን በካቻቢቴ ፋቁ፣ ብሎኑን በሽቦ ብሩሽ አፅዱ፣ ዘይት ወይ ናፍጣ ቀብታችሁ ሁለት ሌሊት አሳድሩት፣ በየመሃሉ በመዶሻ ኮስ ኮስ። ስትፈቱ መጀመሪያ ትንሽ ወደማጥበቁ፣ ከዛ ወደመፍታቱ፣ መለስ ቀለስ እያደረጋችሁ። ጉልበት ብቻ ከተጠቀማችሁ ብሎኑ ይቆረጥና ቁራጩ ቦዲው ውስጥ ይቀራል፣ እኔ አራት ቆርጫለሁ፣ አራቱንም በትራፓኖ መብሳት ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ትንንሾቹን ዳግም የምትጠቀሙባቸውን ብሎኖች ሎሚ ጨምቃችሁ ውሃ ጨምራችሁ አሳድሩዋቸው፣ ጠዋት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁና ዘይት ንኩዋቸው፣ አዲስ ይመስላሉ።

የባትሪው ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ አሲድ ነውና ሳትፍቁት በፊት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፣ መፍላቱን ሲያቆም እጠቡት።

መቁረጥ

ላዩን ብቻ የዛገ ከሆነ አትቁረጡ። በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈቅፍቁ፣ በጥቃቅን ጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረችውን ጥቁር ነጠብጣብ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማጥፊያ ቀቡት፣ ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይቀይረዋል፣ እቃው ላይ እንደተፃፈው አጥባችሁ አድርቁና በዚያው ቀን አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ።

የተበሳውን ግን እስከ ደህናው ላሜራ ድረስ ቁረጡ። እኔ መጀመሪያ የቆረጥኩት ቀዳዳውን ብቻ ነበር፣ ዙሪያው እንደ ወረቀት የሳሳ ላሜራ ስለነበር ስበይደው ቀዳዳው እየሸሸኝ እየሰፋ ሄደ፣ በኤሌክትሮድ ቀዳዳ ማባረር የሚባለው ይሄ ነው። የሰፈራችን ባትላሜራ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መጥተው አዩና ሳቁ። «ጋሼ፣ ስቱኮ ደረብ ባደርግበትስ?» አልኳቸው። «አንተ ልጅ፣ የተቀደደ ሱሪ በጭቃ ይጣፋል?» አሉኝ። ኖራ ወስደው ከቀዳዳው አራት ጣት ርቀው ምልክት አደረጉልኝ፣ በዚያ ቆረጥኩ፣ ሰራ።

ቅርፁን መጀመሪያ በካርቶን አውጡ። የቆረጣችሁት ላይ ካርቶን አስደግፉና በእርሳስ ዙሩት፣ ላሜራው ላይ ገልብጡት። የጥጋፉን ማዕዘን አታሹሉት፣ ክብ ይሁን፣ ሹል ጥግ ላይ ብየዳ ይሰነጠቃል። ወለል ላይ ከሆነ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይደራረብ፣ ፓራፋንጎ ላይ ግን አይደራረብም፣ ጫፍ ለጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ተትቶ ነው የሚገጠመው፣ አለበለዚያ እብጠቱ በቀለም ውስጥ ይታያል። የፓራፋንጎውን ጎባጣ ለማውጣት አሸዋ የሞላ ከረጢት ላይ ላሜራውን አስተኝታችሁ በእንጨት መዶሻ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያላችሁ ምቱት። አስር ጊዜ አስጠግታችሁ ለኩ፣ ይሄ ክፍል ቀን ሙሉ ቢፈጅ ምንም ችግር የለውም፣ እኔ የምወደውም ይሄን ክፍል ነው።

ብየዳ

ሚግ የሚባለው ሽቦ የሚተፋው ማሽን ካገኛችሁ በ0.6 ሚሊ ሽቦ ስሩ፣ በጣም ይቀላል፣ ነፋስ ግን ጋዙን ስለሚበትነው ከለል አድርጉ። ካላገኛችሁ ኢንቨርተር በሚባለው በተራው የኤሌክትሮድ ብየዳ ማሽንም ይቻላል፣ 2 ሚሊ ሜትር 6013 ኤሌክትሮድ፣ ከ35 እስከ 45 አምፔር፣ ኤሌክትሮዱን በኔጋቲቭ፣ መጀመሪያ ትርፍ ላሜራ ላይ ተለማመዱ።

መስመር አትጎትቱ። ነጥብ ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩ ከተቃራኒው ጎን፣ ከዛ መሃል፣ በሁለት ሶስት ሳንቲ ሜትር ርቀት ዙሩትና በነጥቦቹ መሃል ደግሞ ሌላ ነጥብ፣ እንዲህ እያለ እስኪገናኝ። በእጅ ስትነኩት የሚያቃጥል ከሆነ ቡና ጠጡ። ሙቀት አንድ ቦታ ከተጠራቀመ ላሜራው እንደ ምጣድ ላይ ወረቀት ይጠማዘዛል፣ ያንን መልሶ ማቅናት ደግሞ ከብየዳው የባሰ ጥበብ ይጠይቃል። እኔ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ብዬ ቸኩዬ የቀኙን ወለል በአንድ ትንፋሽ በየድኩት፣ መሃሉ እንደ ከበሮ ሆነና እስከዛሬ ስረግጠው ዷ ይላል።

እሳቱን በተመለከተ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ እርጥብ ጆንያና የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ብየዳ ስታዩ ከጀርባው ያለውን አታዩምና። የኔዋ በኋላ ወንበሩ ጥግ የቀረች የድሮ ሙሌት ጭስ ስታወጣ ያየው የጎረቤት ልጅ ነው፣ ጀሪካን ይዞ ሮጦ ባይመጣ ይሄን አልፅፍም ነበር። ከጨረሳችሁም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዛው ቆዩ፣ ቤት ገብታችሁ ምሳ አትብሉ።

አንቲረስት፣ ስቱኮ፣ ቀለም

ብየዳውን በግራይንደር ስታስተካክሉ የብየዳውን ጉብታ ብቻ ነው የምትልጡት፣ ላሜራው ጋ ስትደርሱ ብርጭቆ ወረቀት ያዙ። ከዛ በቲነር ጥረጉና በባዶ እጃችሁ አትንኩት፣ የእጅ ላብም ያዝገዋል። የወለሉን መደራረቢያ ከላይም ከታችም በመጋጠሚያ ማሸጊያ ድፈኑት፣ ውሃ በዛች መሃል ከገባች ስራው ከንቱ ነው።

ስቱኮ ጠላት አይደለም፣ ቦታው ይታወቅ ነው እንጂ። ውሃ ይስባል፣ ስለዚህ ቀዳዳ ላይ በፍፁም፣ ውፍረቱም ከሁለት ሶስት ሚሊ አይለፍ፣ ከዚያ በላይ ከፈለገ መዶሻው ገና አልጨረሰም ማለት ነው። በ80 ቁጥር የተፋቀ ባዶ ብረት ወይ ኢፖክሲ ፕራይመር ላይ ይያዛል፣ አሲድ ያለበት ፕራይመር ላይ ግን ይላቀቃል። ሃርድነሩ (ስቱኮውን የሚያደርቀው ቅመም) ለ100 ግራም 2 ግራም ገደማ ነው፣ እንቁላል ለሚያህል ስቱኮ ትልቅ ባቄላ የምታህል። ሲበዛ በቀለሙ ውስጥ ይታያል፣ ሲያንስ ሳይደርቅ እጅ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። አምስት ደቂቃ አይሰጣችሁም፣ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት በጥብጡ። በ80፣ ከዛ በ180፣ ከዛ በ320 ፋቁት፣ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ፣ በጣት ከፋቃችሁት ፀሐይ ላይ ሲወጣ ማዕበል ይመስላል። ጥሩ መሆኑን አይን ጨፍኖ በመዳፍ መዳሰስ ነው፣ አይን ያላየውን መዳፍ ያገኘዋል።

ፕራይመር ከቀባችሁ በኋላ አትተዉት። ብዙ ሰው ፕራይመር ዝገት ይከላከላል ብሎ ወር ሁለት ወር ይነዳል፣ ተራው ግራጫ ፕራይመር ግን ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ውሃ ያሳልፋል። እኔ የፊቱን ፓራፋንጎ ሐምሌ ላይ ፕራይመር አድርጌ ለቤተሰብ ጉዳይ ፍኖተ ሰላም ወርጄ በነሐሴ መጨረሻ ስመለስ ሙሉ በሙሉ ፊኛ አውጥቶ ጠበቀኝ፣ እንደገና እስከ ብረት። በ400 ወይ 600 ውሃ እያስነካችሁ አለስልሱ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቀለሙ ይከተል።

ቀለሙን ጤዛው ሲለቅ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ጀምራችሁ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ የማርቆስ ብርድ ማታ ላይ እርጥበት ይዞ ሲመጣ ቀለሙ ነጣ ብሎ ይደበዝዛል። መሬቱን ውሃ ርጩት አቧራ እንዳይነሳ። ሃርድነር የሚጨመርበትን የመኪና ቀለም ግን ግቢ ውስጥ አትርጩ፣ ውስጡ ያለው አይሶሳይኔት ሳንባ ይጎዳል፣ የሃኪም ማስክ አያግደውም። ወይ ተራውን ቀለም ተጠቀሙ፣ ወይ እስከ ፕራይመር ሰርታችሁ የመጨረሻውን ለቀለም ቤት ስጡት። እኔ ለቀለም ቤት ሰጠሁ፣ አልተፀፀትኩም።

ውስጡን ማልበስ

ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። በበሩ ውስጥ፣ በሳጥኑ ውስጥ፣ ቀለም የማይደርስበት ሁሉ ከጀርባው የተቃጠለ ብየዳ አለ። ብዙዎች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይረጩበታል፣ አይመቸኝም፣ ጎማውን ያበላሻል፣ ለቆዳም ጥሩ አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ሰም ሞልቷል። ጠጅ ከተጠለለ በኋላ የሚቀረውን ሰፈፍ አንጥረው የሚሸጡ ሴቶች አሉ፣ ጧፍ የሚሰራበት ማለት ነው፣ ከነሱ አንድ ኪሎ ገዛሁ። አንድ እጅ ሰም ለሶስት እጅ አዲስ የሞተር ዘይት፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ማቅለጥ፣ ሰም 65 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ የውሃው ሙቀት ይበቃዋል፣ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፣ ቤንዚንም አይጨመርበት። ሞቅ እንዳለ በትልቅ ሲሪንጅ ላይ ቀጭን ጎማ ሰክታችሁ በየቀዳዳው ስደዱት፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅባት ይያዛል። አንድ ጉዳት አለው፣ ሳጥኑ ውስጥ ስላስገባሁት ማሞቂያውን ስከፍት መኪናዋ ቅዳሴ ላይ የቆምኩ ታስመስለኛለች። ሚስቴ አልጠላችውም።

የበሩ ታች ላይ ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫዎች ሰሙ እንዳይደፍናቸው በሽቦ ወጋ ወጋ አድርጓቸው፣ ይሄን በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ድገሙት፣ ፓራፋንጎ ስር ያለውን ጭቃም መስከረም ላይ በውሃ እጠቡ። ሸራ ካለበሳችሁ ከስር አየር እንዲገባ ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩት፣ ቦዲው ላይ ከተለጠፈ ያልበዋል። ዶሮዎቹን ደግሞ ሌላ ማደሪያ ስሩላቸው።